የካቶሊካውያን የሮዛሪ ጸሎትና የእኛ መቁጠሪያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያምን የሚወድ ሕዝብ ስሟ በሌላ ቤት ሲጠራ በሰማ ጊዜ ጆሮውን ማዘንበሉ አይቀርም። በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆቻችን፣ በሊባኖስ በማሮናውያን ቤተሰቦች ዘንድ ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችን፣ በጣልያንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች የሚኖሩ ምእመናን ሮዛሪ ከሚባለው ጸሎት ጋር ይገናኛሉ። ቤተሰብ ወይም ማኅበር ተሰብስቦ፣ በክር የተሰካ ፍሬ እየቆጠረ፣ የእመቤታችንን ስም ደጋግሞ ሲጠራ ያያሉ። ከዚህም የተነሣ ሮዛሪ ምንድን ነው? ከእኛ መቁጠሪያ ጋር አንድ ነውን? ኦርቶዶክሳዊ ምእመን ቢጸልየውስ ምን አለበት? የሚሉ ጥያቄዎች ይነሣሉ።

አንዳንዶች ለእነዚህ ጥያቄዎች ፈጥነው “ሁሉም ያው ነው” ብለው ይመልሳሉ፤ ሌሎች ደግሞ ምንነቱን ሳያውቁ ያንቋሽሹታል። ሁለቱም ምእመኑን አይጠቅሙትም። ያልሆነውን ነው ብሎ ስለ ሌላው መናገር ሐሰት ነው፤ የተለየውንም አንድ ነው ማለት የራስን ሀብት ማቃለል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ጸሎቱን ካቶሊካውያን ራሳቸው በሚያውቁት መልኩ እንገልጣለን፤ ቀጥሎም ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ለልጆቿ ያዘጋጀችውን እንመለከታለን። ስለ ምዕራቡ ዓለም የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይበሉ።

ሮዛሪ ምንድን ነው?

ሮዛሪ የሚለው ስያሜ ሮዛሪዩም ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙም የጽጌረዳ አትክልት ስፍራ ማለት ነው፤ የጽጌረዳ ጉንጉን ተብሎም ይታሰባል። እያንዳንዱ ጸሎት ለእመቤታችን እንደሚቀርብ አንድ ጽጌረዳ፣ ጸሎቱ በሙሉ ደግሞ በራሷ ላይ እንደሚቀዳጅ የአበባ አክሊል ይቈጠራል። በአገራችን ያሉ ካቶሊካውያንም ይህንኑ ጸሎት “መቁጠሪያ” ብለው ይጠሩታል፤ የስሙ መመሳሰል የብዙዎች ግራ መጋባት አንዱ ምክንያት ነው።

የተለመደው የሮዛሪ መቁጠሪያ 59 ፍሬዎችና ጌታችን የተሰቀለበት ሥዕል ያለበት መስቀል አለው። ከፍሬዎቹ 53ቱ የመልአኩን ሰላምታ፣ 6ቱ ደግሞ “አባታችን ሆይ” የሚለውን ጸሎት ለመቁጠር ያገለግላሉ። ጸሎተኛው መስቀሉን ይዞ በማማተብ ይጀምርና በምዕራቡ ዓለም “የሐዋርያት” የሚባለውን የሃይማኖት መግለጫ ይጸልያል። ከዚያም አንድ ጊዜ “አባታችን ሆይ”፣ ሦስት ጊዜ የመልአኩን ሰላምታ፣ ቀጥሎም ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ የሚቀርበውን ምስጋና ያደርሳል። ዋናው ክፍል ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ይህም በአምስት ዐሥር ዐሥር የተከፈለ ሲሆን በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ጊዜ “አባታችን ሆይ”፣ ዐሥር ጊዜ የመልአኩ ሰላምታ፣ በመጨረሻም ምስጋና ይደርሳል። ፍጻሜው እመቤታችንን ንግሥትና የምሕረት እናት ብሎ የሚለምን ጸሎት ነው።

የመልአኩ ሰላምታ የተባለው ጸሎት ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ቅዱስ ገብርኤል ድንግልን ካበሠረበት ቃልና ቅድስት ኤልሳቤጥ መንፈስ ቅዱስ ሞልቶባት ካመሰገነችበት ቃል የተወሰደ ነው (ሉቃ. 1፥28፤ 1፥42)። ሁለተኛው የአምላክ እናት አሁንም በሞታችንም ሰዓት ስለ እኛ ስለ ኃጢአተኞች እንድትለምን የሚጠይቅ ሲሆን፣ ዛሬ ባለው መልኩ የጸናው የሮሙ ፖፕ ፒየስ 5ኛ በ1568 ባወጡት የጸሎት መጽሐፍ ነው።

ሮዛሪን ሮዛሪ የሚያሰኘው ግን ቆጠራው ብቻ አይደለም። አፍ ጸሎቱን ሲደግም ኅሊና ደግሞ ከጌታችንና ከእመቤታችን ሕይወት የተወሰደ አንድ ምሥጢር ያስባል። ምሥጢራቱ በአራት ይመደባሉ። የደስታ የሚባሉት ብሥራት፣ ድንግል ወደ ኤልሳቤጥ መሄዷ፣ ልደት፣ ጌታ ወደ ቤተ መቅደስ መግባቱና በዚያው በመምህራን መካከል መገኘቱ ናቸው። የሐዘን የሚባሉት በጌቴሴማኒ መጸለዩ፣ መገረፉ፣ የእሾህ አክሊል መድፋቱ፣ መስቀል መሸከሙና መሰቀሉ ናቸው። የክብር የሚባሉት ትንሣኤ፣ ዕርገት፣ የመንፈስ ቅዱስ መውረድ፣ የእመቤታችን ፍልሰትና በሰማይ መንገሥዋ ናቸው። የብርሃን የሚባሉትን አምስት ምሥጢራት በ2002 የጨመሩት ፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ሲሆኑ፣ እነርሱም የጌታ ጥምቀት፣ የቃና ዘገሊላ ተአምር፣ የመንግሥተ እግዚአብሔር ስብከት፣ ደብረ ታቦርና የቅዱስ ቁርባን ምሥጢር ናቸው። በተለመደው አከፋፈል ሰኞና ቅዳሜ የደስታ፣ ማክሰኞና ዓርብ የሐዘን፣ ረቡዕና እሑድ የክብር፣ ሐሙስ የብርሃን ምሥጢራት ይታሰባሉ።

ከየት መጣ?

በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በሰፊው የሚነገረው ትውፊት፣ በ1221 ያረፈው የዶሚኒካውያን ማኅበር መሥራች ዶሚኒክ ሮዛሪን ከእመቤታችን እጅ እንደ ተቀበለ ይናገራል። የታሪክ ምርምር ግን ጸሎቱ በአንድ ጊዜ የተሰጠ ሳይሆን በብዙ ዘመን ቀስ በቀስ ያደገ መሆኑን ያሳያል።

ሥሩ መዝሙረ ዳዊት ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ገዳማት መነኮሳቱ 150ውን መዝሙር በላቲን ይደግሙ ነበር። በገዳሙ በጉልበት ሥራ የሚያገለግሉት ወንድሞችና ተራው ሕዝብ ግን ላቲን ማንበብ አይችሉም ነበር። ስለዚህ በመዝሙሩ ፈንታ “አባታችን ሆይ”ን 150 ጊዜ ይደግሙ ጀመር፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋባቸውም ፍሬ የተሰካበት ክር ያዙ። ቆየት ብሎ የመልአኩ ሰላምታ በተመሳሳይ ቁጥር መደገም ጀመረ፤ “የእመቤታችን መዝሙረ ዳዊት” የሚል ስምም ተሰጠው። በ15ኛው መቶ ዓመት ከጌታ ሕይወት የተወሰዱ አሳቦች ከሰላምታው ጋር ተያያዙ፤ በ1475 ያረፈው ዶሚኒካዊው አላን ዘሮሽም ጸሎቱን በማኅበራት አማካይነት በሰፊው አስፋፋው። በ1569 ፒየስ 5ኛ ባወጡት ደብዳቤ ሥርዓቱ ጸና። የብርሃን ምሥጢራት እስከ ተጨመሩ ድረስ ሙሉው ሮዛሪ 15 ክፍል፣ 150 ሰላምታ ነበረው፤ ይህም የመዝሙሩ ቁጥር ነው።

በጥቅምት 7 ቀን 1571 የካቶሊክ መንግሥታት መርከቦች በሌፓንቶ የባሕር ጦርነት የኦቶማን ቱርኮችን ድል ባደረጉ ጊዜ ፒየስ 5ኛ ድሉን ከሮዛሪ ጸሎት ጋር አያያዙት። ዕለቱም በኋላ የሮዛሪ በዓል ሆነ፤ ወሩም የሮዛሪ ወር ተብሎ ይታሰባል።

ደጋግሞ መጸለይ ከንቱ ነውን?

ወደ እኛ ሥርዓት ከመሻገራችን በፊት አንድ ነገር መመለስ ይገባናል። አንዳንድ ወገኖች ጌታችን አሕዛብ እንደሚያደርጉት በከንቱ መድገምን መከልከሉን (ማቴ. 6፥7) እየጠቀሱ በመቁጠሪያ የሚጸልየውን ሁሉ ይነቅፋሉ። ይህ ነቀፌታ የሚመጣው በካቶሊካውያን ላይ ብቻ አይደለም፤ ኪርያላይሶንን 41 ጊዜ በምንደግመው በእኛም ላይ ነው።

ጌታችን የከለከለው ከልብ ያልወጣን ልፍለፋ ነው እንጂ ጸሎትን መደጋገምን አይደለም። እርሱ ራሱ በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል እየደገመ ሦስት ጊዜ ጸልዮአልና (ማቴ. 26፥44)። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 135 በእያንዳንዱ ቁጥር የእግዚአብሔርን ምሕረት ዘላለማዊነት ይደጋግማል። ዮሐንስም በራእዩ አራቱ እንስሳ ሌሊትና ቀን ሳያርፉ የሥላሴን ቅድስና ሲያመሰግኑ አይቷል (ራእ. 4፥8)። ስለዚህ ኦርቶዶክሳዊ ምእመን ሮዛሪን የማይጸልየው ድግግሞሽ ስለሆነ አይደለም። በዚህ ምክንያት የሚነቅፈው ሰው የገዛ ቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓትም ሳያውቀው ይነቅፋል።

በእኛ ቤት ያለው ሀብት

የሮዛሪን አመጣጥ ያየ ሰው የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት ሲመለከት ብዙ ነገር ይገልጥለታል። በእኛም ዘንድ የጸሎት መሠረቱ መዝሙረ ዳዊት ነው። ሊቃውንቱ 150ውን መዝሙር በዐሥር በዐሥር ከፍለው እያንዳንዱን ክፍል “ንጉሥ” ይሉታል፤ በጠቅላላው 15 ንጉሥ ይሆናል። በምዕራቡ ዓለም መዝሙሩን ማንበብ ላልቻለ ሰው በእርሱ ፈንታ የእመቤታችን ሰላምታ ተሰጠው። በአገራችን ግን የእመቤታችን ምስጋና የመዝሙሩ ምትክ አልሆነም፤ ከመዝሙሩ ጋር በአንድ ጥራዝ ተጣመረ። የብራና ዳዊታችንን የገለጠ ሰው ከመዝሙሩ ቀጥሎ ጸሎተ ነቢያትን፣ መኃልየ መኃልይን፣ ከዚያም ውዳሴ ማርያምንና አንቀጸ ብርሃንን ያገኛል።

ውዳሴ ማርያም በትውፊታችን የሶርያዊው የቅዱስ ኤፍሬም ድርሰት ሲሆን በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው። ሮዛሪ ለየዕለቱ የሚታሰብ ምሥጢር እንደሚመድብ ውዳሴ ማርያምም ለየዕለቱ ምሥጢር አለው። የሰኞው በአዳም ኀዘንና በድኅነቱ ተስፋ ይጀምራል፤ የሐሙሱ ሙሴ ያየውን፣ ነዶ ያልተቃጠለውን ዕፅ ያነሣል፤ የእሑዱ የደብተራ ኦሪትን ንዋያት፣ ታቦቱን፣ መናው የነበረበትን መሶበ ወርቅ፣ መቅረዙንና ማዕጠንቱን ጠቅሶ አማናዊት ደብተራ እርሷ መሆኗን ያስተምራል። በሮዛሪ ምሥጢሩ የሚገኘው በጸሎተኛው ኅሊና ነው፤ አፉ የሚለው ሌላ፣ አሳቡ የሚመለከተው ሌላ ነው። በውዳሴ ማርያም ግን ምሥጢሩ በቃሉ ውስጥ ስለ ተቀመጠ ጸሎቱን የሚያደርስ ሰው ነገረ ማርያምንና ነገረ ድኅነትን እያነበበ ይማራል።

የመልአኩ ሰላምታም ለእኛ አዲስ አይደለም። አቡነ ዘበሰማያት በደረሰ ቁጥር በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ይከተለዋል። በዚህ ጸሎት በመልአኩ ሰላምታ ሰላም እንላታለን፤ በአሳቧም በሥጋዋም ድንግል መሆኗን፣ የአምላክ እናት መሆኗን እንመሰክራለን፤ ኃጢአታችንን ያስተሠርይልን ዘንድ ወደ ልጇ እንድትለምን እንማጸናታለን። ስለዚህ የሮዛሪ ዋና አካል የሆኑት ሁለቱ ጸሎቶች፣ የጌታ ጸሎትና የመልአኩ ሰላምታ፣ ሕፃናት ሳለን ጀምሮ በአፋችን ያሉ ናቸው።

መቁጠሪያም አለን። አባቶቻችንና እናቶቻችን መቁጠሪያ የሚይዙት “እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ”ን ወይም ኪርያላይሶንን 41 ጊዜ ሲያደርሱ፣ ስግደትም ሲቆጥሩ ነው። 64 ፍሬ ያለውም መቁጠሪያ አለ፤ ይህም እመቤታችን በዚህ ዓለም ከኖረችበት 64 ዓመት ጋር ይያያዛል። በሮዛሪ በብዛት የሚቆጠረው ለእመቤታችን የሚቀርበው ሰላምታ ሲሆን በእኛ መቁጠሪያ በብዛት የሚቆጠረው ወደ ክርስቶስ የሚቀርበው የምሕረት ልመና ነው። ክሩና ፍሬው ቢመሳሰልም የሚቆጠረው ነገር አንድ አይደለም።

በአበባ መመሰሏም ቢሆን በቤታችን ጎልቶ የሚሰማ ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ባለው በወርኃ ጽጌ፣ አባ ጽጌ ድንግል የደረሰው ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ እመቤታችን በአበባ፣ ልጇ በፍሬ ይመሰላሉ፤ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትም መከራ ይታሰባል። ካቶሊካውያን የሮዛሪን በዓል የሚያከብሩበት ዕለት ብዙውን ጊዜ በእኛ መስከረም 27 ስለሚውል ሁለቱ ወራት ይጎራበታሉ። አንዱ ከሌላው የተቀዳ ግን አይደለም፤ የአንዱ በዓል ከባሕር ጦርነት ድል ጋር የተያያዘ ሲሆን የእኛው የአገራችን ምድር በአበባ የሚያጌጥበትን ወቅት የተከተለ ነው።

ልዩነቱ የት ላይ ነው?

ይህን ያህል የሚቀራረብ ከሆነ ለምን አንጸልየውም? የሚል ይኖራል። ጸሎት ከትምህርተ ሃይማኖት አይለይም፤ ሰው የሚጸልየውን ያምናል፣ የሚያምነውንም ይጸልያል። ከሮዛሪ ጋር አብረው የሚመጡ፣ ቤተ ክርስቲያናችን የማትቀበላቸው ወይም በሌላ መንገድ የምትገልጣቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛው ኢንዱልጀንስ የሚባለው ነው። እንደ ሮማ ካቶሊክ ትምህርት ኃጢአት በኑዛዜ ከተሰረየ በኋላ ጊዜያዊ ቅጣት ይቀራል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ይህን ቅጣት ለማስቀረት ሥልጣን አላት። በቤተ መቅደስ ወይም በቤተሰብ ተሰብስቦ፣ የተወሰኑትን ሁኔታዎች ፈጽሞ ሮዛሪ የሚጸልይ ሰው ይህን ስጦታ ለራሱ ወይም በፑርጋቶሪ፣ ማለትም በመንጻት ስፍራ፣ አሉ ለሚባሉ ነፍሳት ሊያገኝ እንደሚችል ይታመናል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ለሙታን ትጸልያለች፤ ጸሎተ ፍትሐት ታደርሳለች፤ ተዝካር ታወጣለች። ነገር ግን ፑርጋቶሪ የሚባል ስፍራ መኖሩን አታስተምርም፤ ለጸሎትም እንዲህ ያለ የቅጣት ስሌት አታበጅም።

ሁለተኛው የፍልሰት ትምህርት ነው። ካቶሊካውያን ከክብር ምሥጢራት እንደ አንዱ የሚያስቡትን የእመቤታችንን ፍልሰት ፖፕ ፒየስ 12ኛ በ1950 በዐዋጅ የሃይማኖት ድንጋጌ አድርገውታል። ዐዋጁ እመቤታችን ሞትን መቅመሷን ወይም አለመቅመሷን ለይቶ አልተናገረም። ቤተ ክርስቲያናችን ግን የዐዋጅ ዘመን ሳትጠብቅ ጥር 21 ቀን ዕረፍቷን፣ ነሐሴ 16 ቀን ትንሣኤዋንና ዕርገቷን ስታከብር ኖራለች፤ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮም ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾማሉ። እኛ ይህን ምሥጢር የምናስበው በጾም፣ በሱባዔና በቅዳሴ ነው።

ሦስተኛው የሃይማኖት መግለጫው ነው። ሮዛሪ የሚጀመርበት ጸሎት ስሙ ከእኛ አመክንዮ ዘሐዋርያት ጋር ቢቀራረብም ቃሉ የተለየ የምዕራባውያን ጸሎት ነው። እኛ 318ቱ ሊቃውንት በ325 በኒቅያ የደነገጉትን፣ 150ው ሊቃውንት በ381 በቍስጥንጥንያ ያጸኑትን ጸሎተ ሃይማኖት በየዕለቱ እናደርሳለን። ከዚህም ሁሉ በላይ ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ በነገረ ክርስቶስ የተለያየን በመሆናችን የምሥጢራት አንድነት የለንም። ይህን መናገር ጥላቻ አይደለም፤ ያለውን ልዩነት ደብቆ መኖር ግን ለማንም ፍቅር አይሆንም።

ምእመናን ምን ያድርጉ?

በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር እኅት አሠሪዎቿ ሮዛሪ ሲጸልዩ በአክብሮት ጸጥ ልትል ይገባታል። መሳቅም መንቀፍም የእመቤታችን ወዳጅ ጠባይ አይደለም። በልቧ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ብታደርስ የሚከለክላት የለም። አብራ እንድትጸልይ ብትጠየቅ የራሷ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዳላት በትሕትና ትግለጥ። የሮዛሪ መቁጠሪያ በስጦታ የደረሰው ሰው መስቀል ያለበት ነውና አይጣለው፤ እንደ ጌጥም በአንገቱ አያንጠልጥለው፤ የእኛ የአንገት ምልክት ማዕተብ ነው። ምን እንደሚያደርግበትም የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ልጆቻቸውን በካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ደግሞ ልጁ በትምህርት ቤት የሰማውን በቁጣ ከማስቆም ይልቅ በቤት ውስጥ የራሱን ጸሎት ያስይዙት። ባዶ የተገኘ ልብ የቀረበለትን ይይዛልና።

እዚህ ላይ ነው የነገሩ ክብደት ያለው። ከመካከላችን ወደ ሮዛሪ የሚሳቡት አብዛኞቹ የሚሳቡት ትምህርቱን መርምረው አይደለም፤ ጸሎቱ አጭር፣ በቃል የሚያዝና በጋራ የሚደርስ ስለሆነ ነው። ሮዛሪ የተወለደው ዳዊት ማንበብ ባልቻሉ ሰዎች መካከል እንደ ነበር አይተናል። ዛሬ ከእኛ ብዙዎቻችን ማንበብ እየቻልን ውዳሴ ማርያምን በቦርሳችንና በራስጌያችን አኑረን ሳንገልጠው እንውላለን። በግእዝ ስለሆነ አልገባኝም የሚል ሰው በአማርኛ የተተረጎመውን ያገኛል። ሁሉን ማድረስ የሚከብደው ሰው የዕለቱን ብቻ ቢያደርስ ብዙ ጊዜ አይወስድበትም። ማንበብ የማይችልም ቢሆን አቡነ ዘበሰማያትን፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን፣ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ አድርሶ፣ በመቁጠሪያው 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ብሎ፣ በስግደት ቢፈጽም ከአባቶቹ መንገድ አልወጣም። በጋራ መጸለይን የሚናፍቅ ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር የማታ ጸሎት ይጀምር፤ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ተራ በተራ ቢያነቡ ቤታቸው ቤተ ጸሎት ይሆናል።

ትውልድ ሁሉ ብፅዕት እንደሚላት ራሷ እመቤታችን በመንፈስ ቅዱስ ተናግራለች (ሉቃ. 1፥48)። እኛም ከዚህ ትውልድ ነን። የሌሎችን ምስጋና ሰምተን ልባችን ቢነካ፣ የተነካው ልባችን ወደ ተረከብነው ምስጋና ይመለስ። ጎረቤታችን በቋንቋው የሚያመሰግናትን እመቤት እኛ አባቶቻችን ባስረከቡን ቃል ሳናመሰግናት ውለን ብናድር፣ የምንጠየቀው ስለ ጎረቤታችን መቁጠሪያ ሳይሆን በእጃችን ስላለው መጽሐፍ ነው።

የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ረድኤትና በረከት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።